መተላለፊያና ማረፊያ

ዝናብ ሰውን ካላሰበው ደጃፍ ያደርሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ፣ ጠዋት ጥርሱን ሲያሳይ ያረፈደው ሰማይ ድንገት ፊቱን አጠቆረና ውሃውን ያለ ርኅራኄ ለቀቀው። እርሳቸውም ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በቅርብ ባገኙት ክፍት በር ዘው አሉ። መነጽራቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ የት እንደገቡ አዩና ደነገጡ። ያ ቤት “እግሬ አይረግጠውም” ብለው የዛቱበት አዲሱ የወጣቶች መኖሪያ ነበር።

እኚህ ሰው በሥራ ዘመናቸው “ጋሽ ውሃልክ” ይባሉ ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ግንበኞች ናቸው፤ ግድግዳ በፀጉር ስፋት ቢያጋድል ከመንገድ ማዶ ሆነው ያውቃሉና። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከተማው አልለቀቃቸውም፤ የአዳዲስ መኖሪያ ቤቶችን ፕላን የሚገመግመው ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ አስቀመጣቸው። በዚያ ሰሞን ጠረጴዛቸው ላይ ያለ ፊርማ ተኝቶ የነበረው ደግሞ የዚሁ ቤት ታናሽ፣ የሁለተኛው ሕንፃ ፕላን ነበር። ያልፈረሙበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ “መተላለፊያው የሠርግ አዳራሽ አክሏል” ብለው። ፕላኑን የነደፈችው አርክቴክት የታናሽ እህታቸው ልጅ መሆኗ ነገሩን አከበደው። እህትየዋ ከዚያ ወዲህ ስልክ መደወል ትታለች። ሥጋ ዘመድ መሆን ለፊርማ ባይረዳም ለቅያሜ ይበቃል።

“ጋሼ! እርስዎ ነዎት?”

የጠራቻቸው ራሷ አርክቴክቷ ነበረች። በግቢው መሐል ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ ቅጠል የደፈነውን የውሃ መውረጃ በእንጨት ትጎረጉራለች። ከራስ ጸጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል።

“እኔ ነኝ” አሉ ሽማግሌው ኮስተር ብለው። “ዝናቡ ነው ያስገባኝ። ልጎበኝ መጣ እንዳትዪ።”

“ዝናቡ ይባረክ፤ እኔ በልመና ያልሆነልኝን እሱ በአንድ ቁጣ አደረገው” አለችና እጇን ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸው። “እስኪያባራ ድረስ እዚህ ብርድ ላይ ከሚቆሙ ወደ ላይ እንውጣ። ካላማረዎት ዓይንዎን ጨፍነው ይውጡ።”

“ዓይኔን ጨፍኜ ደረጃ ብወጣ ሬሳዬን ልትሸከሚ ነው?” አሉ፤ ግን ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ ታየ። ከልጅነቷ ጀምሮ ምላሷን ይወዱላት ነበር።

ቤቱ መሐሉን ለሰማይ ለቅቆ ዙሪያውን የቆመ ነው። በየፎቁ ክፍሎቹን የሚያገናኘው መተላለፊያ በግድግዳ አልታፈነም፤ ወደ ግቢው የተከፈተ ረጅም በረንዳ ነው። ዝናቡ በመሐሉ እንደ ተዘረጋ ድር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ማዶ ያሉት በሮች፣ የተሰጡት ልብሶች፣ የሚያልፉት ሰዎች ከዚያ የውሃ መጋረጃ በስተጀርባ ሲታዩ በሕልም ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ደረጃው ደግሞ ሰፊና ዝግ ያለ ስለ ነበር፣ ሽማግሌው ጉልበታቸው ሳይጮህ አንደኛውን ፎቅ መውጣታቸውን ያወቁት ከደረሱ በኋላ ነው። አወቁት እንጂ አልተናገሩም።

“የኔ ልጅ፣ እስቲ በእርጋታ እንነጋገር” አሉ ቆም ብለው። “በከተማ ውስጥ ቦታ ማለት ወርቅ ነው። ቤት ያጣ ወጣት ጎዳናውን ሞልቶ ሳለ፣ አንቺ ሰው ለሚያልፍበት ቦታ ትጨነቂያለሽ። መተላለፊያውን አንድ ክንድ ባሰፋሽ ቁጥር የአንድ ልጅ አልጋ ሜዳ ላይ ጣልሽ ማለት እኮ ነው።”

“ከክፍሎቹ ቁጥር ቀንሼ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ እርስዎ ሳይቆጡኝ እኔው ራሴን እቆጣ ነበር” አለች በአክብሮት። “ግን ጋሼ፣ በድሮው ፕላን እያንዳንዱ ክፍል ከበሩ ጀርባ አንድ ጠባብ መግቢያ ነበረችው። ወንበር አትይዝ፣ ሻንጣ ቢያስቀምጡባት በሩ አይከፈት። ከጫማ በቀር ማንም አያድርባትም። እሷን ከየክፍሉ ለቀምኩና ደጅ አውጥቼ አንድ ላይ አደረግኋት። ለየብቻ ሲሆን ለጫማ የጠበበው ቦታ፣ ሲደመር ጎረቤታሞች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ሆነ። ክፍሎቹ ግን አንድም አልጎደሉም።”

ሽማግሌው ይህንን አላሰቡትም ነበር። ሆኖም በአንድ ምት የሚወድቁ ሰው አልነበሩም።

“ይሁን። ግን ነገርን ከስሙ እንጀምር። መተላለፊያ ማለት ምን ማለት ነው? ሊተላለፉበት! ሰውን ከደጅ ወደ ክፍሉ የሚያደርስ ቧንቧ ነው። ቧንቧ ውስጥ ውሃ ከቆመ ይሸታል።”

“እሺ፣ ከስሙ እንጀምር” አለች ልጅቱ ዓይኗ እየሳቀ። “ይኼ አሁን የቆምንበት፣ ደረጃው ታጥፎ ሜዳ የሚሆንበት ቦታ፣ በሙያችን ምን ይባላል?”

“ማረፊያ ነዋ።”

“እርስዎ በሠሯቸው ቤቶች ውስጥ ማረፊያ ላይ ማን አርፎ ያውቃል?”

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉና “ስሙ ነው እንጂ…” ብለው ቀሩ። ቃል እንዲህ ነው፤ አባቶች ያወጡትን ስም ዕድሜ ልኩን ሲጠራ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ልጅ ስትተረጉምለት እንደ አዲስ ይሰማዋል።

ጉዞውን ቀጠሉ፤ ክርክሩም አብሯቸው ወጣ። ሽማግሌው ወጣት ይጮሃል አሉ። እርሷም የመኝታ መስኮቶቹ በሙሉ ወደ ውጭ እንደሚያዩ፣ ወደ በረንዳው የሚያየው የማብሰያው መስኮት ብቻ እንደ ሆነ በጣቷ አሳየቻቸው። “አንድ ቦታ ላይ ግን ተሳስቻለሁ” አለች ሳትደብቅ። “አንዷ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። መቀመጫውን ጆሮዋ ሥር ነበር ያደረግሁት። ጎረቤቶቿ ራሳቸው ተሸክመው ወዲያ ወሰዱት። በአዲሱ ፕላን ላይ ያንን አርሜአለሁ።”

“ቆሻሻውስ? የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም። ማን ይጠርገዋል?”

“መተላለፊያው አንድ ሆኖ መቶ ሰው ከተጠቀመበት እንዳሉት ነው፤ ማንም አይጠርገውም። ስለዚህ ነው እያንዳንዱን ማረፊያ ለጥቂት በሮች ብቻ የሰጠሁት። ጥቂት ሲሆኑ ያቆሸሸው ይታወቃል፤ የታወቀ ሰው ደግሞ ያፍራል።”

“ለሴት ልጅስ? ደጁ ለመጣ ለሄደው የተከፈተ ነው።”

ልጅቱ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት መራቻቸው። ከፊታቸው ባለው መስኮት አንድ ወጣት ሽንኩርት እየከተፈ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። አንገቱን አውጥቶ “ማንን ፈልጋችሁ ነው?” አላቸው በትሕትና። አርክቴክቷን ሲያያት “አንቺ ነሽ እንዴ፣ በይ እለፊ” ብሎ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

“መልሴ እሱ ነው” አለች። “ጨለማ ኮሪደር ላይ ሌባን ማንም አይጠይቀውም። እዚህ ግን እርስዎን የመሰለ የተከበረ ሰው እንኳ ተጠየቀ።”

ከታች አንድ ሰው ውሃው ግቢውን ሊያጥለቀልቀው መሆኑን ጮኾ ተናገረ። እርሷም “ጋሼ፣ ከመቀመጫው አረፍ ይበሉ፣ መጣሁ” ብላ እየሮጠች ወረደች። ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ። ጀርባውን ለግድግዳ በሰጠ ሰፊ የእንጨት መቀመጫ ላይ ቁጭ አሉ። “እስኪያባራ ነው” አሉ ለራሳቸው።

ዝናቡ ግን ሊያባራ የፈለገ አይመስልም። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ የሚያባብል። ከአንዱ በር የስፌት መኪና ይርገበገባል፤ ካንዱ መስኮት አንዲት ልጅ ለፈተና የምታጠናውን ደጋግማ ታነበንባለች። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ጨው አቀበለ። ሌላው ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሽማግሌው የዓይናቸው ሽፋሽፍት እየከበደ ሲሄድ ደረጃው ወንዝ ሆኖ ታያቸው። ሰዎቹ በውሃው ላይ እንደሚንሳፈፉ ቅጠሎች ከላይ ወደ ታች ይፈስሳሉ፤ ወንዙ በሚታጠፍበት በየጥጉ ግን ውሃው ዝግ ይላል፤ ቅጠሎቹም እዚያ ተጠጋግተው፣ እርስ በርስ ተነካክተው፣ ቀስ ብለው ዞረው እንደገና ይሄዳሉ። ከቅጠሎቹ አንዷ ላይ እርሳቸው ራሳቸው ወጣት ሆነው ተቀምጠዋል። ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም፤ ግን አላስጨነቃቸውም።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ተጥሏል። ከራሳቸው ሥር ትራስ አለ። አጠገባቸው አንዲት ወጣት በርከክ ብላ እጃቸውን ይዛለች፤ ፊቷ ገና ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ፊት ነው።

“አባባ፣ እንቅልፍ ነው ወይስ ድካም? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?”

“እንቅልፍ ነው፣ ልጄ። ማን ላከሽ?”

“ማንም አላከኝም። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ‘አንድ አባት ደጅ ላይ ተኝተዋል፤ ገጻቸው አላማረኝም፤ እስቲ እያቸው’ ብሎ አንኳኳብኝ። እኔ ነርስ ነኝ።”

“አሃ! ያቺ ሌሊት የምትሠራው አንቺ ነሽ። እንቅልፍሽን አቋረጥኩብሽ።”

“እንቅልፍ የትም አይሄድም” አለች እየሳቀች። “የልብዎ ምት ደህና ነው። ብቻ እርጥብ ካልሲዎን ያውልቁ።”

“ብርድ ልብሱስ የማን ነው?”

ነርሷ በሮቹን አየት አየት አደረገች። “ትራሱ የልብስ ሰፊው ነው። ብርድ ልብሱን እንጃ፤ የተማሪዋ ይመስለኛል። ሲነሡ እዚያው ይተዉት፤ ባለቤቱ ይወስደዋል።”

ሽማግሌው እርጥብ ካልሲያቸውን አወለቁ። ስማቸውን ያልጠየቀ፣ ሰብሳቢ መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ትራስ አበድሯቸዋል። ይህን ነገር በየትኛው ቀመር እንደሚያሰሉት ጨነቃቸው።

አርክቴክቷ ተመልሳ ስትመጣ ባዶ እግራቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትተው ግቢውን ሲያዩ አገኘቻቸው። ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

“ለትምህርት ወደ ከተማ ስትመጪ እኔ በሠራሁት፣ ‘ረጅሙ ቤት’ በሚባለው መኖሪያ ነበር የኖርሽው። ክፍሉን ያገኘሁልሽም እኔ ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ክፉ ቤት ነበር?”

አጠገባቸው ተቀመጠችና በእንጨት ስትጎረጉር የተቧጨረ መዳፏን አሸች።

“ጠንካራ ቤት ነበር፣ ጋሼ። ግድግዳው አይሰነጠቅ፣ ጣሪያው አያፈስስ። ብቻ… አንድ ጊዜ ታምሜ ነበር። ትኩሳት። ሰው ልጥራ አልኩና ማንን ልጥራ? ግራና ቀኝ ሰው ይኖራል፤ የአንዱንም ስም አላውቅም። እግሮች ሲያልፉ እሰማለሁ። እንደ ምንም ተንፏቅቄ በሬን ገርበብ አደረግሁት፤ የሚያልፍ ሰው ያየኛል ብዬ።”

“እሺ?”

“አንድ ሰው መጣ። ቆመ። በሩ ተረስቶ የተከፈተ መሰለው መሰለኝ፤ ዓይኑን ወደ ውስጥ ሳይጥል፣ በጨዋነት፣ ቀስ አድርጎ ዘጋልኝ። ሄደ።”

ሽማግሌው የብርድ ልብሱን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉላት።

“ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ” አለች። “ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ጋሼ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እዘጋው ነበር። ብርሃን በሌለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይሄድበት መንገድ ላይ ጨዋ ሰው ማድረግ የሚችለው አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ነው። ቤቱ ያስተማረን እሱን ነው። እርስዎ ቅድም ለመተላለፍ ነው አላሉኝም? እንዳሉት ሆነ፤ ሁላችንም ተላልፈን ቀረን።”

“ለምን አልነገርሽኝም?” አሉ ሽማግሌው።

“ክፍሉን ያገኙልኝ እርስዎ ነበሩ። በስጦታ ላይ አቃቂር ይወጣል?”

ሰው የሠራው ቤት አንዴ ከቆመ በኋላ ሠሪውን አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ የሚኖሩበትን ሰዎች ጠባይ ይሠራል። መስኮት የነፈገ ግድግዳ ዓይንን ያስደፋል፤ ለመቆም ያልፈቀደ መንገድ ሰላምታን ያሳጥራል። ሽማግሌው ግድግዳቸው እንዳያጋድል ዕድሜ ልካቸውን ሲጠነቀቁ፣ በግድግዳው መሐል የሚሄደው ሰው ማጋደሉን የሚያሳይ ውሃልክ አልነበራቸውም። አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል፤ የዚያን ቀን ዞር ብለው ማየት ግን ከባድ ሆነባቸው።

ብርድ ልብሱን መቀመጫው ላይ አጥፈው ተነሡ። ባዶ እግራቸውን ጫማቸው ውስጥ ከተቱና በከዘራቸው የደረጃውን አፍ፣ የመቀመጫውን ጠርዝ፣ የበረንዳውን ዘንበል መለካት ጀመሩ።

“ነይ ወዲህ። ይኼ መቀመጫሽ የደረጃው አፍ ላይ ወጥቷል። እሳት ቢነሣ ሰው ሁሉ እዚህ ይተፋፈጋል። ጭስ ጨዋነት አያውቅም።”

“ግን ጋሼ፣ ሰው አረፍ የሚለው ከደረጃው ሲወጣ ነው። ራቅ ካለ ማንም አይቀመጥበትም።”

“አትራቂው። ወደ ግድግዳው ውስጥ አስገቢው፤ ኪስ አድርጊለት። ማረፊያው ከመንገዱ ጎን ይሁን እንጂ መንገዱ ላይ አይሁን። የሚያርፈውም ያርፍ፤ የሚሮጠውም ይሩጥ።”

ልጅቱ በዓይኗ ለካችው። ተከራክራ የመጣች ልጅ ብትሆንም እውነት ሲነገራት ትሰማ ነበር። “ልክ ነዎት” አለች በቀስታ። “ይህንን እኔ አላየሁትም ነበር።”

“እኔም ያላየሁትን አንቺ አሳይተሽኛል። አርመሽ አምጪው፤ እፈርማለሁ።” ደረጃውን ሲወርዱ ደግሞ ጨመሩ፤ “ለእናትሽም ደውዪላትና ወንድምሽ ቀልቡ ተመለሰ በያት። እኔ ብደውል አታነሣም።”

ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜ አንዱ አባል “ይህ ሁሉ ቦታ ለማለፊያ ይባክናል ወይ?” ሲል ተነሣ። ቃሉ የሽማግሌው የራሳቸው ነበር። እርሳቸውም ሳይቆጡ እንዲህ አሉት።

“ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ግን ወጣቶቹ ከእናት ከአባት ተለይተው የሚመጡ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ ጎረቤቱን ግን የት ይወቁት? ክፍላቸው ጠባብ ነው፤ እሱን ማስፋት አልቻልንም። ደጃቸው ብርሃን ካገኘ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ሰላም ለመባባል ካልተገፋፋ፣ ጥቂት በሮች አንድ ማረፊያ ከተካፈሉ፣ የታመመው ይታያል፣ እንግዳው ይጠየቃል፣ ልብሱ ፀሐይ ያገኛል፣ የሚያጠናውም አብሮት የሚያጠና አያጣም። መሸሽ ላለበት መንገዱ ክፍት ነው፤ ብቻውን መሆን ለፈለገም በሩን መዝጋት ይችላል። ይህ ብክነት ከሆነ ሁላችንም እንባክን።” አባላቱ ሳቁ። ፕላኑም አለፈ።

ጋሽ ውሃልክ ግን በዚያ አላበቁም። ረጅሙ ቤት ገና ሰው ይኖርበታልና፣ የቤቱ ባለቤት ወደ ሆነው ማኅበር ራሳቸው ሄደው፣ በየኮሪደሩ ጫፍና መሐል የተቆለፉት የዕቃ ክፍሎች ፈርሰው መስኮትና መቀመጫ እንዲሆኑ ለመኑ። ማኅበሩ አጉረመረመ፤ እርሳቸው ተመላለሱ። በመጨረሻ የማኅበሩ ሰዎች ወደውት ሳይሆን ከሰውየው መመላለስ ለመገላገል እሺ አሉ።

ግድግዳው በፈረሰበት ጠዋት ሽማግሌው ከእህታቸው ልጅ ጋር ኮሪደሩ መሐል ቆመው ነበር። የመጨረሻው ብሎኬት ሲወድቅ ፀሐይዋ አቧራውን ይዛ ገባችና በወለሉ ላይ ረዥም ሆና ተጋደመች። ከድምፁ የተነሣ በሮች ገርበብ ገርበብ አሉ። ራሶች ብቅ አሉ። ጎን ለጎን ካሉ በሮች የወጡ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ሌላው የጥርስ ብሩሽ እንደያዘ፣ በአዲሱ ብርሃን ዓይናቸውን አጥብበው ተያዩ።

“አንተ ነህ እንዴ ሌሊት ሌሊት ሳል የሚያጣድፍህ?” አለ ሸሚዝ የሚቆልፈው።

“አዎ፤ ይቅርታ፣ ትረበሻለህ?”

“አይ። ስትስል ሳይሆን ዝም ስትል ነበር የምጨነቀው።”

ባለ ብሩሹ ወደ ክፍሉ ተመለሰና ወንበር ይዞ ወጣ፤ አቧራውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ብርሃኑ ላይ አስቀመጠው።

“ቁጭ በል” አለው።